የአጣቢዎቹ ድንጋይ

ኤርሲሊያን ሃያ ስድስት ዓመት ሲያንገበግባት የኖረው በቅዱስ ግራቶ በዓል የሚነበበው ታሪክ ነው። ከአስኮሊ ከተማ በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ባለው የባሕታዊ በአት ደጃፍ፣ ቅዳሴው እንዳለቀ የማኅበሩ አለቃ ሲኞር ኦታቪዮ መዝገቡን ይገልጥና፣ «ምድር ተንቀጥቅጣ በአቱ ሲፈርስ የማኅበራችን ወንዶች በክንዳቸው መልሰው አቆሙት» ብሎ ያነባል። ሕዝቡ አሜን ይላል።

እሷ አሜን ብላ አታውቅም። ያኔ ወንዶቹ ጦር ሜዳ ነበሩ። እናቷ ኑንዚያታና ሌሎቹ ልብስ አጣቢዎች ለቅዱሱ ተስለው፣ እንጀራቸውን የሚያገኙበትን የማጠቢያ ድንጋይ ከትሮንቶ ወንዝ ዳር በአናታቸው ተሸክመው ወጡና የበአቱን ግንብ ሠሩ። ኑንዚያታ እስክትሞት አንገቷ አልቀናም። ወንዶቹ ከጦርነት ሲመለሱ ግንቡን በኖራ ለሰኑት፤ ታሪኩንም አብረው ለሰኑት።

«ሲኞር ኦታቪዮ፣ የሴቶቹንም ይጻፉ እንጂ» ትለዋለች በየዓመቱ።

«አንቺ ሁለተኛ ክፍል ሳትጨርሺ መዝገብ ልታርሚ ነው? ድንጋይ እዚሁ እግራችን ሥር ሞልቶ ማን ከወንዝ ይሸከማል? በይ ማስረጃ አምጪ።»

ዘንድሮ ከሰው ሁሉ ቀድማ ወጣች። ግንበኛ የነበረው የሟች ባሏ መዶሻ በእጇ ነው። ሕዝቡ እየዘመረ ኮረብታውን ጨርሶ ሲደርስ፣ ኤርሲሊያ ፀጉሯ ኖራ ለብሶ፣ ከግንቡ ላይ የበር ስፋት ያህል ልስን አራግፋ ቆማለች።

«ምን ነክቶሻል፣ አንቺ ሴትዮ? የቅዱሱን ቤት ታፈርሻለሽ?» አለ ኦታቪዮ።

«ቤቱማ እንዳለ ነው። ልብሱን ነው የገፈፍኩት። ቀረብ ብለው ይዩ።»

የኮረብታው ድንጋይ ነጭና ሹል ነው። የግንቡ ግን ድብልብልና ግራጫ ነበር፤ ልብስ ሲፈተግበት ኖሮ መሃሉ ጎድጉዷል። በእያንዳንዱም ላይ ምልክት ተቀርጿል፤ አጣቢዎቹ ፊደል ስለማያውቁ፣ ወንዝ ዳር ሌላ ሰው እንዳይወስድባቸው ያደረጉት ነው።

ከአጣቢዎቹ አንዷ የነበረችው አሮጊቷ ፓልሚራ በምርኩዟ ሰውን ገፋ ገፋ አድርጋ ገባች። «ይቺ የመቀስ ምልክት የእኔ ናት» አለች። «እኔማ ሞቼ ነው የማያት ብዬ ነበር።»

ኦታቪዮ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። «ይሄስ የዓሣ አጥንት የማን ነው?»

«የእናቴ የኑንዚያታ። መዝገቡን ይዝጉትና እኔ ላንብብ።»

ኦታቪዮ ዘጋው። ኮፍያውንም አወለቀ። ኤርሲሊያ ጣቷን ድንጋዩ ላይ አድርጋ፣ ከታች ጀምራ ወደ ላይ፣ በሙሉ ድምፅ አነበበች፤ ዓሣ አጥንት ኑንዚያታ፣ መቀስ ፓልሚራ፣ ሁለት ጨረቃ ዴሊና፣ መሰላል አሱንታ። በየስሙ ሕዝቡ አሜን አለ፤ እሷም አሜን አለች።