ቀስ በቀስ የመረጠችው ፊልም

የምንሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። አራት ሆነን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቀኑን ሙሉ አቀርቅረን ሰም እንቀርጻለን፣ እንሞርዳለን፣ እናለሰልሳለን። እጃችን ሥራ ላይ ነው፤ አፋችን ግን ፊልም ላይ። ሰኞ ሰኞ አንዳችን ለሌሎቻችን የወደድነውን ፊልም በፍላሽ ገልብጠን እናመጣለን፤ በሚቀጥለው ሰኞ አስተያየት ይሰጣል። ሕጉ አንድ ነው፦ መጨረሻውን መናገር ያልቻለ ሰው ፊልሙን ማማትም ማወደስም አይችልም።

እኔ የማማት ባለሙያ ነኝ። መኪና ያልተገለበጠበት፣ ሰው ያልተሯሯጠበት ፊልም ዓይኔ አይገባም። አንዷ ባልደረባችን ደግሞ ተቃራኒዬ ናት። ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን ፊልሞች ከየት እንደምትለቅማቸው እንጃ፤ ሁሉም ይንቀረፈፋሉ። ስለዚህ "ቀስ በቀስ" የሚል ስም አወጣንላት፤ እሷም ለምዳዋለች።

ያን ሰኞ ተራው የእሷ ነበር።

"ይሄን ያየው ሰው በጣት ይቆጠራል፤ እኔ ሦስቴ አይቼዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ጀልባ ይሠራል" አለች።

"ከዚያስ?"

"ይሠራል።"

"ገደልሽን" አልኳት።

እሑድ ከሰዓት እያቃሰትኩ ከፈትኩት። አባቴ አጠገቤ ተቀምጧል። ዕድሜውን ሙሉ በርና መስኮት ሲሠራ የኖረ አናጢ ነው። ከሰባት ወር በፊት ጣውላ ብቻውን ማንሳት ሲያቅተው ሱቁን ዘግቶ እኔ ጋ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ከ"እሺ" እና ከ"ደህና ነኝ" ሌላ ቃል አይወጣውም። ሐኪሙ ምንም በሽታ አላገኘበትም። ምግብ እየተወ ዓይኔ እያየ ይከሳል። ፈርቼ ነበር፤ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም።

ሽማግሌው ጣውላ መላግ ሲጀምር እኔን እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ። ስነቃ ፊልሙ አልቋል። ነገ መሳቂያ ልሆን ነው ብዬ እየተነጫነጭኩ፣ መልስ እንኳ ሳልጠብቅ፣ "አባዬ፣ መጨረሻው ምን ሆነ?" አልኩት።

"መላጊያ አያያዙ አያምርም" አለ አባቴ።

እንዳላስደነግጠው ድምፄን ዝቅ አድርጌ "እሺ?" አልኩት። ከዚያ ነገረኝ። እንጨቱን ከነዓይነቱ፣ ስህተቱን ከነማረሚያው፣ ራት እስኪቀርብ ድረስ። ራቱንም እያወራ በላ። በመጨረሻ የሽማግሌው ልጅ ከከተማ መጣ፤ የጀልባውን አንድ ጫፍ ልጁ፣ ሌላውን አባትየው ይዘው ወደ ውሃው ወረዱ፤ አለቀ።

ሰኞ እንዳለ ተረክሁት። "ቀስ በቀስ" ሞረዷን አስቀመጠች።

"ተኝተህ ነበር" አለችኝ። "ፊልሙ ውስጥ ልጅ የሚባል የለም። ሽማግሌው ጀልባውን ብቻውን መግፋት ሲያቅተው ጥሎት ይሄዳል።"

ሁለቱ ሳቁ። አባቴ ሱቁን ሊዘጋ ባለ ሰሞን "ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ጣውላ ብታነሳልኝ" ብሎኝ ነበር። ሥራ ይበዛብኛል አልኩት። ቅዳሜን ግን ተኝቼ ነው የምውለው። ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

"የነገረኝ አባቴ ነው" አልኳት። "ያ ሰባት ወር ዝም ያለው አባቴ። ፊልምሽ አሁንም ባየው ያስተኛኛል፤ አንቺን ግን እስክሞት አመሰግንሻለሁ። የአባቴን ድምፅ ነው የመለስሽልኝ።"

የሚስቁት ወደ ሥራቸው አቀረቀሩ። "ቀስ በቀስ" እጇ ላይ የሞረድ ዱቄት ስለነበር ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

"ምን ትገተራለህ? ደውልለት እንጂ" አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ደወልኩ።

"አባዬ፣ ቅዳሜ ሱቁን እንክፈተው? ጣውላውን እኔ አነሳለሁ።"

"ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው" አለኝ።