የፖምፓው ጎማ

«ኧረ እማማ፣ በእመቤቴ ይተዉት!»

ከፋለ ከግቢው በር ላይ ሆኖ ሲጮህ፣ አማቱ እማማ ይርጋነሽ የወፍጮውን የናፍጣ ፖምፓ ብሎኖች በሰፌድ እያበጠሩ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲያበጥር የኖረ ሰው ደጃፉ ላይ የሞላ ሰፌድ ሲያገኝ ምን ያድርግ? የፈታውን ሁሉ በተራ በተራ ሰፌድ ላይ የደረደረው ራሱ ከፋለ ነው። ሳሙና ሊገዛ ሱቅ ደርሶ እስኪመለስ ከባድ ከባዱ ብረት ሰፌዱ ላይ ቀርቶ፣ ቀላል ቀላሉ ግቢው ውስጥ ተበትኗል።

«ምነው ልጄ?» አሉ እማማ ደንግጠው። «ጠጠር የበዛበት ሽምብራ መስሎኝ እኮ ነው!»

«ናፍጣ ናፍጣ ሲል አልሸተተዎትም?»

«ካንተ ወፍጮ የሚመጣው ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ ይል የለ እንዴ!»

እውነታቸውን ነው። ፖምፓው ማንጠባጠብ ከጀመረ ወዲህ የሞጣ ሰው ዱቄቱ ይሸታል እያለ እህሉን ወደ አዲሱ የመብራት ወፍጮ ማዞር ይዟል። ነገ ደግሞ ገበያ ነው። ነገም ካልፈጨ ደንበኛ የሚባል አይቀርለትም። መካኒክ ሳይጠብቅ እቤቱ ቁጭ ብሎ የፈታውም ለዚሁ ነው።

ሚስቱ አስቻለች ሳቋን በነጠላዋ አፍና ወጣች። ብሎኑ ተገኘ፣ ሞላውም ተገኘ። የጠፋው አዲሱ የጎማ ቀለበት ነው፤ ናፍጣውን የሚያቆመው ደግሞ እሱ ነው። ሦስቱም ተንበርክከው መሬቱን ይዳብሱ ጀመር።

«በሞትኩት! እንጀራህን በተንኩብህ!» ይላሉ እማማ።

ከፋለ ቀና ሲል ጎማውን አየው። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ከእማማ ጉልበት አንድ ስንዝር እንኳ ሳይርቅ ወድቋል። ያውልዎት ሊል አፉን ከፈተ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ጎማው እንዳዞሩ በመዳፋቸው አልፈውት ሄዱ። ተመልሰው መጡ፣ አሁንም አለፉት። ከፋለ የከፈተውን አፉን ዘጋ። እኚህ ሴት እኮ ልጃቸውን ለጋብቻ ሲጠይቅ፣ ዘመዳቸው ሁሉ ባዶ እጁን ነው ብሎ ሲንቀው፣ «ሠራተኛ ነው፣ ይሁን» ብለው የተሟገቱለት ናቸው።

ድምፁን አጥፍቶ ጎማውን በጣቱ ወደ እጃቸው ገፋ አደረገው።

«አገኘሁት! እልል በይ አስቻለች!»

አስቻለች እልል አለች። ባሏ ያደረገውን አይታ ስለነበር ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ከግቢው ጥግ ባለው ወፍጮ ላይ ፖምፓው ተገጠመ፣ ሞተሩ ተነሳ። ከፋለ በሥሩ ጨርቅ ደጋግሞ አስጠጋ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። እሰይ! አስቻለች ግን ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«የዓይን ሞራ የሚገፍፉት ሐኪሞች ብቸና ያሉት እስከ ነገ ብቻ ነው አሉ። እናቴን ስለምናት ሰነበትኩ፤ ዓይኔ ደህና ነው ብላ ድርቅ አለች። የምትሰማው አንተን ነበር። ነገ ደግሞ ገበያ ሆነ፤ ሞተሩን ካላንተ የሚያስነሳው የለም።»

ከፋለ ሞተሩን አጠፋው። እማማ ደጃፍ ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሉ።

«እማማ፣ ነገ በጠዋቱ መኪና ብቸና አብረን እንሄዳለን።»

«ገበያውን ትተህ? አብደሃል እንዴ?»

«ገበያ ሳምንትም አለ።»

«ዓይኔ ደህና ነው አልኩ እኮ!»

«እኔ መቼ ዓይን አልኩ?»

እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩና ወደ ጓዳ ዞሩ።

«አስቻለች፣» አሉ፣ «የክት ቀሚሴን አውጪልኝ።»