አየችው

ክፉ ቀን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከአንኮበር በታች ባለው ቁልቁለት ወልደአረጋይ የሚባል ገበሬ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። ሰው ሁሉ አዳልጦት ነው አለ። ሚስቱ ወለተ ሥላሴ ግን ሬሳው ከመገነዙ በፊት ቀርባ አየችው፤ ማጅራቱ ላይ የዱላ ምት ነበረበት። ባሏ ከጎረቤታቸው ከጣሰው ጋር በግጦሽ መሬት እንደተጣላ አገር ያውቃል።

አገሬው ገዳዩን ለማውጣት አውጫጭኝ ተቀመጠ። ጣሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ፣ ያን ቀን ከአውድማዬ አልተለየሁም ብሎ ማለ። ሁለት ወንድሞቹም አብረውት ማሉ። ዳኛው ያየ ሰው ካለ ይምጣ ብለው ቢያስለፍፉ የመጣ አልነበረም። ጣሰው ለተዝካሩ መጥቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ።

ወለተ ሥላሴ ያኔ እርጉዝ ነበረች። አድጎ የአባቱን ደም የሚመልስ ወንድ ልጅ እንዲሰጣት ተሳለች። የተወለደችው ግን ሴት ሆነች። ወሬው ጣሰው ቤት ሲደርስ ወንድማማቾቹ እንደሳቁ ሰማች። አራስ ቤት ተኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰነበተች። ስም ማን ይውጣላት ሲሏት ነው ዞር ያለችው።

"አየችው በሏት" አለች።

ማንን ነው ያየችው ብለው ሴቶቹ ቢጠይቋት፣ ያየችው ታውቃለች ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። የደብሩ ቄስ አባ ገብረአማኑኤል ክርስትና ሲያነሷት ወለተ ጊዮርጊስ አሏት፤ በዚያ ስም የሚጠራት ግን አልነበረም።

ልጅቷ መሮጥ ስትጀምር እናቷ ከጣሰው እርሻ ድንበር ላይ ቆማ ስሟን ትጣራ ጀመር። ቁልቁለቱ ድምፅ ያስተጋባል፤ ጣሰው ሲያርስም ሲያጭድም ይሰማዋል። መጀመሪያ እንዳልሰማ ሆነ። ቆይቶ ሽማግሌ ላከና ስሙ ለልጅ የማይሆን ነውና ለውጪላት አላት። ወለተ ሥላሴ፣ ስሙ የከበደው ማንን እንደሆነ ንገሩኝና እለውጣለሁ ብላ መለሰቻቸው። ሽማግሌው ቃሏን ወስደው ለጣሰው ነገሩት።

ከዚያ ወዲያ ጣሰው ሴቶችን ይመረምር ጀመር። ያን ቀን ምንጭ የወረደችው ማን ነበረች፣ እንጨት ስትለቅም የዋለችውስ? እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ዓይኑ ከገዛ ሚስቱ ላይ አረፈ።

በገብስ አረም ወቅት አንድ ቀን ልጅቷ ስትጠራ ሰምቶ ከእርሻው ተመለሰና ሚስቱን ትርፌን በዱላ ይደበድባት ጀመር። ጎረቤት ሲደርስ፣ "ከገደሉ ስገፋው ያየሽኝ አንቺ ነሽ። የነገርሻት አንቺ ነሽ" ይል ነበር። ሰው መሙላቱን ያየው ዘግይቶ ነው።

ትርፌ የተሰበረ ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ ወለተ ሥላሴ ደጅ መጣች። እስከዚያች ቀን ምንም እንደማታውቅ ማለችላትና አንድ ነገር ጠየቀቻት።

"እቴ፣ ያየችው ማን ነበረች?"

"ማንም አላየውም" አለች ወለተ ሥላሴ።

ትርፌ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተያይዘው ወደ አንኮበር ችሎት ወጡ። ትርፌም ጎረቤቶቿም የሰሙትን መሰከሩ፤ ጣሰው ሊክድ ሞክሮ አልሆነለትም። የዘመዶቹ ሽማግሎች ድንጋይ ተሸክመው፣ የደም ዋጋ ተቀብላ እንድትምር ወለተ ሥላሴ እግር ሥር ወደቁ። ዳኛው ምን ትያለሽ አሏት።

"ልጄ አባት አላት ወይ ብለው ይጠይቁልኝ፤ ካላት እምራለሁ" አለች።

ጣሰው ለሟች ወገን ተሰጠ። የወልደአረጋይ ወንድም ይሁኔ በጦር ወጋው። ወለተ ሥላሴ ፊቷን ሳታዞር እስከ መጨረሻው አየች። ሲመለሱ መንገዱ ላይ እህል ጠየቀች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ርቧት አያውቅም ነበር።

በሰንበት አባ ገብረአማኑኤል መጡና፣ ልጄ፣ ነገሩ አልቋል፣ ሕፃኗን ከእንግዲህ በክርስትና ስሟ እንጥራት ብለው ለመኗት። ጉልበታቸውን ስማ ተነሣች።

"አባ፣ እሱ ብቻውን አልማለም። ሁለቱ ወንድሞቹ አሉ።"

ታናሽየው በዚያው ዓመት ቤቱን ዘግቶ ቆላ ወረደ። ታላቅየው እርሻውን ትቶ የሚሄድበት አልነበረውምና እዚያው ቀረ፤ ልጅቷ ስትጠራ በሬዎቹን ፈትቶ ይገባ ነበር ይባላል። አየችው ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ወደ መዘዞ እስክትዳር ድረስ እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠርታት አታውቅም።