ለዱባ የወጣ ቃሬዛ

በርበሬ ግቢ ይፈልጋል። ሌላው ሱቅ ይፈልግ ይሆናል፣ ቢሮ ይፈልግ ይሆናል፤ እኔ የምፈልገው ፀሐይ የሚያርፍበት መሬት ብቻ ነው። ኢስትሊ ከተከራየሁት ክፍል ጀርባ ያለው ግቢ እንደዚያ ነበር። ዛላውን አሰጣለሁ፣ ሲደርቅ አስፈጫለሁ፣ ለአበሻ ምግብ ቤቶች አቀርባለሁ። ከደርግ ሸሽቼ ናይሮቢ ከገባሁ ጀምሮ የምኖረው በዚሁ ነው።

የቤቱ ባለቤት ምዜ ንጆሮጌ ይባላል፤ ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው። እሱ ራሱ የሚኖረው ካሳራኒ፣ እርሻው ላይ ነው። እኔን የሚጠራኝ ማማ ፒሊፒሊ እያለ ነው፤ የበርበሬዋ እናት እንደማለት። አንድ ቀን መጣና ግቢውን በእርምጃው ለካ።

«እዚህ ላይ የሚከራይ ክፍል ልሠራ ነው» አለኝ።

«በርበሬዬን የት ላስጣው?»

«አልጋሽ ላይ።»

«አልጋዬ ላይማ እኔ አለሁ።»

ሳቀ። ሲስቅ ክፉ ሰው አይመስልም። ከዚያ እንደ ልማዱ ስለ ዱባው ማውራት ጀመረ። የካሳራኒ ገበሬዎች በየዓመቱ ዱባ ያወዳድራሉ፣ እሱም በየዓመቱ ያሸንፋል። ተናድጄ ስለነበር «ዱባ ማብቀል ደግሞ ምን ሙያ ነው? እኔም አበቅላለሁ» አልኩት። ከአገሬም ያስወጣኝ ይኸው አፌ ነው።

ንጆሮጌ እጁን ኪሱ ከቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ፍሬ አወጣ። ድሮ ይሠራለት ከነበረ ፈረንጅ ያገኘው ዘር ነው፤ ሲያድግ ጥጃ ያክላል አለኝ።

«ከእኔ ዱባ የሚከብድ ይዘሽ ከመጣሽ ግቢው እንዳለ ላንቺ ይሁን። ካልሆነ እሠራለሁ።»

ተጨባበጥን።

እኔ የማውቀው ዱባ አመድ መድፊያው ጥግ ራሱ በቅሎ፣ ራሱ አጥር ላይ ወጥቶ፣ ጾም ሲገባ የሚቆረጠውን ነው። ይኼኛው ግን ውኃ አይጠግብም፤ ጠዋት ያጠጣሁት ቀትር ላይ ጠውልጎ አገኘዋለሁ። ስለዚህ እሑድ የእድራችን ስብሰባ ላይ ሄጄ አንድ ጀሪካን እንዲያውሱኝ ጠየቅኩ። ከጀሪካን ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ መኳንንት በንጉሡ ጊዜ ሻለቃ ነበሩ። የሚያዙት ጦር ስለሌላቸው እኛን ያዛሉ። መነጽራቸውን አደረጉና ደንቡን ገለጡ።

«ደንባችን የሚለው ለአባል ችግር ነው። ዱባ ችግር ነው ወይስ ደስታ?»

«ግቢዬን ልነጠቅ ነው፣ ጋሼ። ችግር ነው።»

«እንግዲያው ኮሚቴ ይቋቋም።»

ተቋቋመ። ቀበሌ ሸሽቼ መጥቼ ቀበሌ ውስጥ ገባሁ። ጋሽ መኳንንት ደግሞ ንጆሮጌ ሰላይ ሊያሰማራ ይችላል ብለው ነገሩ ከኮሚቴው እንዳይወጣ አስማሉን። ስብሰባ የሚመጡት ጥቂቶች ብቻ ስለሆኑ ሌላው አባል ምንም ሳይሰማ ምስጢሩ ተጠበቀ።

የኮሚቴው እጅና እግር አቶ ተስፋዝጊ ናቸው። የአስመራ ሰው፣ ከጣልያኖች ሥር መካኒክነት የተማሩ፣ እዚሁ ኢስትሊ ጋራዥ ያላቸው። እድሩ ውስጥ የንብረት ክፍል ናቸው። ዱባዬን ሲያዩት የቆመ መኪና ያዩ ይመስል እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መጀመሪያ ሆዱ በእርጥብ መሬት እንዳይበሰብስ ብለው ከሥሩ ጣውላና አሸዋ አነጠፉ። ቀጥለው ጀሪካኑን ሰቀሉና በቀጭን ጎማ ቀን ከሌት ጠብ ጠብ እንዲል አደረጉ። ይኼ በጀኝ። ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት፣ ገና ሲያብብ፣ የጢም ብሩሽ ይዘው መጥተው ነበር።

«ይኼ ምን ሊሆን ነው?»

«ወንዱን አበባ ከሴቷ ለማጋባት።»

«የጢምዎ ብሩሽ እኮ ነው።»

«አጥቤዋለሁ።»

«ንብስ ምን ሊሠራ ነው?»

«የኢስትሊ ንብ ጫት ቅሞ ነው የሚውለው። አይታመንም።»

ጋሽ መኳንንት ጋብቻ ያለ ምስክር አይጸናም ብለው ሁለት ሽማግሌ አቆሙ። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

ጥላው ላይ ግን ተጣላን። ተስፋዝጊ የእድሩን ድንኳን እንትከልለት አሉ። እኔ ዱባ ፀሐይ ይወዳል፣ እንኳን ዱባ በርበሬም ይወዳል ብዬ ድርቅ አልኩ። ከዚያ ቆዳው ጠንክሮ ስንጥቅጥቅ ማለት ሲጀምር አፌን ዘጋሁ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ዱባውም ለሰለሰ። ለበርበሬዬ አንዲት ጥግ ቀረችለት።

ወተቱ የጋሽ መኳንንት ሐሳብ ነው። የዱባውን አንገት በስተን፣ ክር ከትተን፣ ወተት ከጣሳ እንዲስብ እናድርግ አሉ።

«ጥጃ ነው እንዴ፣ ጋሼ?»

«ጥጃ ያክላል ተብሎልሽ የለም?»

በአብላጫ ድምፅ አለፈ። ወተቱ ሆመጠጠ፣ የሰፈሩ ድመትም በሙሉ የእድሩ አባል ሆነ። ተስፋዝጊ ማንም ሳያይ ክሩን ነቅለው ቁስሉን በሰም ደፈኑት። ለሌሊቱ ብርድ ጋቢ ተደረበለት፤ እሑድ እሑድ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገቡ እየተለካ ለኮሚቴው ሪፖርት ይቀርብ ነበር። የእኔን ወገብ አንድም ሰው ለክቶ አያውቅም።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ካሳራኒ ያለው ሚዛን ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። የተስፋዝጊ ፒክአፕ የሰፈራችን ጭቃ ውስጥ ስለማይገባ ዋናው መንገድ ላይ በስተግራ ቆሞ ይጠብቃል። ዱባውን እስከዚያ በምን እናድርሰው?

«ቃሬዛው ይውጣ» አሉ ጋሽ መኳንንት።

«ቃሬዛማ ለሬሳ ነው።»

«ደንቡ ላይ ሬሳ የሚል የለም። ለከባድ ሸክም ነው የሚለው።»

ተስፋዝጊ ከአሮጌ የመኪና ቀበቶ በሠሩት መረብ ዱባውን አንስተን ቃሬዛው ላይ አጋደምነው። ቆዳው እንዳይፋቅ ጋቢውን አለበስነው፣ በገመድ አሰርነው። አራት የኮሚቴ ሰዎች በትከሻቸው አነሱት። ተስፋዝጊ መኪናውን ሊያስነሱ ቀድመው ሄዱ።

መንገዱ አፍ ላይ እህተማርያም ሻይ ትሸጣለች። ቃሬዛውን ስታይ ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ዘቀዘቀች፣ ከዚያ ወየው አለች። እህተማርያም አንዴ ወየው ካለች እስከ ጁጃ ሮድ ይሰማል። ሱቁን የሚዘጋ ዘጋ፣ ቁርሱን ትቶ የሚወጣ ወጣ።

በእኛ ዘንድ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሲታመም አልጠየቅኩትም ብሎ ራስን ማጋለጥ ነው። ስለዚህ ሰው አስቀድሞ ያለቅሳል፣ ማንነቱን ቀስ ብሎ ከጎን ካለው ይሰማል። ጎን ያለውም የሚጠብቀው እንደዚሁ ነው።

«ሆዱን አየሽው?» አለች አንዷ እያለቀሰች። «እንዴት እንደተነፋ።»

«ጉበት ነው። ጉበት እንዲህ ያደርጋል።»

«ቁመቱም እኮ አጭር ነው።»

«አጭርና ቦርጫም…» አለች እህተማርያም፣ ከዚያ ደረቷን መታች። «ረታ ነው። የኪሊማኒው ረታ።»

ረታ ኪሊማኒ ምግብ ቤት አለው፤ በርበሬ የሚወስደው ከእኔ ነው። ወሬው ከኋላ ወደ ፊት ሮጠ። ትናንት ደህና ነበር አሉ። ደግ ነበር አሉ። ምግቡ ጨው ይበዛው ነበር የሚሉት ሳይቀሩ ደግ ነበር አሉ።

ቃሬዛ ደግሞ ተራ በተራ ነው የሚያዘው። አዲስ የመጣ ሁሉ ትከሻውን እያስገባ የኮሚቴውን ሰዎች አሳረፋቸው። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ የተሸከሙት ነገሩን የማያውቁ ነበሩ፤ ወደ መኪናው በመታጠፍ ፈንታ በቀኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፉ።

«ወደ ግራ» ብዬ ሮጥኩ። «ዱባ ነው። ወደ ግራ በሉ።»

ሁለት ሴቶች ክንዴን ያዙኝ። «አይዞሽ እታገኘሁ።»

«ዱባ ነው እላችኋለሁ።»

«አዎ እህቴ። አዎ።»

«ለካ ነገር ነበራቸው» ስትል ሰማሁ አንዷ ከኋላዬ። «በርበሬ በርበሬ ሲል የከረመው ለዚህ ነው።»

ጋሽ መኳንንትን ፈለግኩ። ከሁሉም ፊት ደረታቸውን ነፍተው ይራመዳሉ። እድሩ ይህን ያህል ሰው አሰልፎ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይንገሯቸው እንጂ።»

«ሕዝቡን አሁን ማሳፈር አይገባም» አሉኝ ሳይዞሩ። «በሥነ ሥርዓት እንቀጥል።»

በዚህ መሐል ረታ ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ወረደ። በርበሬ ሊወስድ ነው የመጣው። ሰልፉን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እንደ ደንቡ ማን ነው ሳይል ገብቶ የኋላውን እንጨት ተሸከመ። ረታ አጭር ነው። ቃሬዛው በእሱ በኩል ዘመመ። ከጎኑ የተሸከመው ሰው ማነው የሚያወርደው ብሎ ዞር ቢል፣ ሟቹ ራሱን ተሸክሞ እያለቀሰ ነው። ሰውየው «በስመ አብ» ብሎ እንጨቱን ለቀቀና ሄደ። ገመዱ ላላና ዱባዬ ከነጋቢው ተንሸራቶ ረታ ሆድ ላይ ወረደ። ረታ በጀርባው ተዘረረ።

ለግቢዬ ያን ያህል የጠቀመ ሆድ የለም። ዱባው አልተጫረም።

እህተማርያም ጎንበስ ብላ አየችው። «አንተ ሞተህ የለም እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ሁሉም።»

ረታ ትንፋሹን ፈለገ። «ታዲያ ላዬ ላይ ያለው ማነው?»

ጋቢውን ገፈፍኩት። ብርቱካንማውን ዱባ ፀሐይ መታው። ሰዉ ተቆጣ። ለዱባ ነው ያስለቀሳችሁን፣ ሱቅ ያዘጋችሁን አሉ። ጋሽ መኳንንት እጃቸውን አነሱ።

«ልቅሷችሁ ተይዞላችኋል። ለሚቀጥለው ሟች ይታሰባል።»

ይኼን ሲሰሙ ረገብ አሉ፤ ዱባውንም የተስፋዝጊ ፒክአፕ ላይ ጫኑልን። ሱቁን አንዴ የዘጋ ደግሞ የሚሄድበት ስለሌለው፣ ግማሹ በማታቱ ተከትሎን ካሳራኒ መጣ። ሚዛኑ ሊዘጋ ሲል ደረስን። የንጆሮጌ ዱባ ግሩም ነበር፣ ላልዋሽ። የእኔ ግን አንድ የሚታቀፍ ሕፃን ያህል በለጠው። ንጆሮጌ ሚዛኑን ደጋግሞ አየ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አነሳልኝ።

«ግቢው ያንቺ ነው፣ ማማ ፒሊፒሊ» አለ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እሑድ ስብሰባ ሄድኩ።

«ድንኳኑን መቼ ታነሱልኛላችሁ?»

ጋሽ መኳንንት መነጽራቸውን አደረጉ። ግቢው የተገኘው በእድሩ ድንኳን፣ በእድሩ ጀሪካንና በእድሩ ቃሬዛ ስለሆነ የእድሩ ነው ተብሎ ተወስኗል አሉ። ድንኳኑ እንደቆመ ይቆያል፣ ወንበሩና ድስቱም እዚያ ይገባል፣ ለከርሞውም ዱባ ይዘራል።

«አቶ ተስፋዝጊ» አልኩ፣ «እርስዎም እጅዎን አወጡ?»

አንገታቸውን ደፉ። «ለከርሞ ዱባውን የሚያነሳ ክሬን አስቤያለሁ» አሉ።

«በርበሬዬስ?»

«ኮሚቴው ያጠናዋል» አሉ ጋሽ መኳንንት።

በማግስቱ ማታቱ ይዤ ካሳራኒ ሄድኩ። ንጆሮጌ በቆሎ ይኮተኩታል።

«ክፍልህን ሥራ» አልኩት።

«አሸንፈሽ የለም እንዴ?»

«አሸንፌያለሁ። አንተ ግን ሥራ። ጣሪያው ቆርቆሮ አይሁን፤ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ይሁን። መሰላሉም ከእኔ በር ይነሳ።»

መኮትኮቻውን ተደግፎ አየኝ። «ለምን?»

«ካንተ ጋር ስጣላ አንድ ሰው ነህ። ከእነሱ ጋር ስጣላ ስብሰባ ነው።»

ሠራው። ድንኳኑን የነቀሉት የእሱ ግንበኞች ናቸው፤ ከቤቱ ባለቤት ጋር ደግሞ ድምፅ መስጠት የለም። እድሩ ዕቃውን የሚያስገባበት ሲያጣ ያንኑ ክፍል ተከራየ። አሁን ጋሽ መኳንንት ከታች መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ይውላሉ። እኔ ከላይ ነኝ፤ ፀሐዩ ከጠዋት እስከ ማታ የእኔ ነው። ዛላውን ሳገላብጥ ብናኙ በመስኮታቸው በኩል ይወርዳል፣ ከታች ማስነጠስ ይሰማል።

«ይማርዎ፣ ጋሼ» እላለሁ።

መልሱ የሚመጣልኝ ማኅተም በተመታበት ደብዳቤ ነው።