ሳይላኩ የመጡ ሽማግሌዎች

ሜዳ ላይ ዋሲሁንን የሚስተካከል ሹፌር የለም። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ግን ውሸት አይደለም። ከሮቢት ቆቦ፣ ከቆቦ ዋጃ እያለ ስምንት ዓመት ሙሉ ሚኒባሱን ሲያመላልስ አንድ ዶሮ እንኳ አልገጨም። ችግሩ ያ መንገድ ልሙጥ ሜዳ መሆኑ ነው። ሰውዬው ዳገት የሚያውቀው ከሩቅ፣ በመስኮት አሻግሮ እያየው ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ታዲያ ሄዶ ሄዶ የደጋ ልጅ ወደደ! እፀገነት ቆቦ ውስጥ አስተማሪ ናት። አባቷ አቶ እሸቴ ግን ከቆቦ በስተምዕራብ፣ ከተራራው አናት ላይ፣ ጓሳ በር በምትባል መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። እናቷ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል። ክረምት መጥቶ ትምህርት ሲዘጋ እፀገነት ወደ አባቷ ትወጣለች። ዘንድሮ ከመውጣቷ በፊት ዋሲሁንን ለብቻው ጠርታ አንድ ነገር ነግራዋለች።

«አባዬ ስላንተ ሰምቷል። 'ቆላ ያገባች ልጅ አንዴ ከወረደች ወረደች ነው፣ ማን ያመጣልኛል?' ይላል። ሽማግሌ ስትልክ አሳምረህ ላክ። እሱ አንዴ እምቢ ካለ እኔም ከቃሉ አልወጣም፤ ከኔ በቀር ማንም የለውም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋሲሁን እንቅልፍ አጣ። ሽማግሌዎቹስ ተመርጠዋል፤ አጎቱ ጋሽ አባይ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ፍልሰታ ሲፈታ ሊወጡ ተስማምተዋል። ነገር ግን ጋሽ አባይ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያ ሁሉ ዳገት በእግር የማይታሰብ ነው፤ በመኪና ማውጣት ያለበት ደግሞ ዋሲሁን ነው። ሽማግሌዎቹን ገደል አፋፍ ላይ ይዞ ከቆመ፣ ከገደሉ በፊት ስሙ እንደሚወድቅ አውቆታል።

«እና ቀድመን እንሞክረዋ!» አለ ጓደኛው አራጌ። አራጌ ቆቦ ገበያ እህል ይነግዳል፤ ማሽላ ሲሸጥ ማሽላው ራሱ የሚያዳምጠው ዓይነት ሰው ነው። «እንደ ሽርሽር ወጥተን፣ መንገዱን አይተን፣ መንደሩ አፍ ላይ ስንደርስ እንመለሳለን። እጮኛህ ቤት ድርሽ አትልም።»

ድርሽ እንደማይል ዋሲሁን ራሱ ያውቃል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልጁ ራሱ ሴቲቱ ደጃፍ ላይ ከታየ፣ ደጋ ላይ ይህ ትልቅ ነውር ነው። እንዲህ ዓይን አውጣ ለሆነ ሰው ልጁን የሚድር አባት የለም።

ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ አራት ሆነው ተነሱ። ሦስተኛው ኢብሮ ነው፤ መካኒክ ነው፣ ሚኒባሷን ከባለቤቷ በላይ ያውቃታል። አራተኛው ዮናስ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሠራል፤ ዝምተኛ ነው፣ ለሽርሽሩ ብሎ ነጭ ጫማ አድርጓል። ዋሲሁን መሪውን ሲይዝ ሦስቱም እንደ ራያ ወግ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ልብሳቸው ስስ ሸሚዝ፤ ቆቦ ላይ ክረምቱም ቢሆን ያልባል እኮ!

የሚኒባሷ የኋላ መስታወት ላይ በወርቃማ ቀለም «እፀገነት» ተብሎ ተጽፏል። የቆቦ ሰው ታዲያ መኪናዋን በስሟ መጥራት ከጀመረ ሰንብቷል።

«እፀገነት ሞልታለች፣ ቀጣዩን ጠብቁ ሲሉ አልሰማህም?» አለ ኢብሮ ገና ከከተማ ሳይወጡ። «ወላሂ አባቷ ይህን ቢሰሙ በዱላ ነው የሚቀበሉህ።»

«አቦ ተወኝ፤ አይሰሙም» አለ ዋሲሁን።

ሜዳው እስኪያልቅ ድረስ ጎበዝ ነበር። የማሽላው ማሳ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል፤ እሱ እያፏጨ ይነዳል። ከልማዱ የተነሳ ዛፍ ሥር ሰው ቆሞ ባየ ቁጥር ፍጥነት ይቀንሳል፤ አራጌም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ተራራ! ተራራ! የሞላ ተራራ!» እያለ ይጣራል። አንዲት ሴትዮማ ዘንቢላቸውን ይዘው ሊገቡ ሲሉ በመከራ ይቅርታ ጠየቋቸው።

ዳገቱ ሲጀምር ፉጨቱ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ዋሲሁን መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ገደሉን ላለማየት አንገቱን ወደ አንድ ወገን አጣሞ ቀረ። አራት ጊዜ አቆመ። አራት ጊዜም «ሞተሩ ሞቋል፣ ትንሽ ይብረድ» አለ። በአራተኛው ላይ ኢብሮ ወርዶ ሞተሩን በእጁ ዳሰሰና ተመለሰ።

«ሞተሩ ደህና ነው» አለ። «የሞቀው ሹፌሩ ነው።»

ዮናስ አልሳቀም። ጥምዝምዙ ሆዱን ገልብጦበት፣ በየቆሙበት ወርዶ መንገድ ዳር አጎንብሶ ነበር የሚቆየው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ብርዱ ባሰ። የያዙት ጋቢ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሦስቱ ከኋላ ተሸፋፍነውበት፣ «ለሹፌሩ ፍርሃቱ ይበቃዋል፣ ያሞቀዋል» እያሉ ይሳሳቃሉ። ዋሲሁን በሆዱ ተሳደበ። ግን ወጣ! ጥርሱን ነክሶ፣ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ወጣ።

ጓሳ በር ሲደርሱ ጉሙ ወርዶ አሥር እርምጃ አርቆ አያሳይም። ዋሲሁን «በቃ፣ አየነው፣ እንመለስ» ብሎ መኪናዋን ሊያዞር ሲል የኋላ ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ስምጥ አለ። ሦስቱ ወርደው በዱላቸው ጭቃውን ፈነቀሉ፣ ገፉ፣ ወደቁ፣ እንደገና ገፉ። እስከ ጭናቸው ጭቃ በጭቃ ሆኑ። የዮናስ ነጭ ጫማ የት እንደገባ እግዜር ይወቅ።

አጠገባቸው ካለው አጥር ውስጥ አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ብቅ አሉ። «እንደምን አደራችሁ ልጆች» አሉና ሳይጠየቁ ከኋላ ገብተው ትከሻቸውን ሰጡ። ዋሲሁን ነዳጅ ሰጣት፤ መኪናዋ ጮኸች፣ ተንገጫገጨች፣ ወጣች። «እግዜር ይስጥልን!» ሊል አንገቱን በመስኮት ሲያወጣ ከቤት ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ ማነው የመጣው?»

እፀገነት ናት። በሩ ላይ ወጥታ መኪናዋን አየች፣ ዋሲሁንን አየች፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ሁሉ መንደር፣ ከዚያ ሁሉ ጭቃ፣ መኪናዋ የሰመጠችው የአቶ እሸቴ ደጃፍ ላይ ነበር! ዋሲሁን ቀና ቢል ሰማይ የለም፣ ጉም ነው፤ የሚሸሽበት ጠፋው።

«እንግዲህ ዝናቡ መጣ፤ ግቡና ይለፍላችሁ» አሉ አቶ እሸቴ። እምቢ ማለት አይቻልም። አራጌ በመስኮቱ በኩል ሹክ አለው፤ «አንተ የኪራይ ሹፌር ነህ። ስምህ 'እንዳለው' ነው። ጭጭ በል።»

ቤቱ ንጹሕ ነው። መደቡ ላይ ነጭ አጎዛ ተነጥፏል። «ተቀመጡ» አሉ አቶ እሸቴ።

ሦስቱ ጭናቸውን አዩ፣ አጎዛውን አዩ። «የለም አባባ፣ እንቆማለን» አሉ ባንድ አፍ። ዋሲሁን በሩ ጥግ ተለጠፈ።

እፀገነት ትኩስ ድፎ ዳቦ ቆርሳ አቀረበች። አራጌ «እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» አለ። ኢብሮ ደግሞ ሰኞና ሐሙስ የመጾም ልማድ አለው፤ «እኔም ጾም ነኝ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለ። ዮናስ ዳቦው ገና ሲሸተው ሆዱ ተገላበጠ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

አቶ እሸቴ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ዱላ። ተቀመጡ ሲባሉ አልተቀመጡም። ብሉ ሲባሉ አልቀመሱም። በዚያ አገር እንዲህ የሚያደርግ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ። ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም። በመጨረሻ አባትየው «ተቀመጡ» ብለው በርጩማ ካስጠጉለት ግን እሺታ ነው። ሦስቱ ይህን ወግ አሳምረው ያውቁታል፤ ጭቃውና ጾሙ አዘናግቷቸው እንጂ። አቶ እሸቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከፊታቸው ቆሙ።

«ገባኝ» አሉ። «ምን እግር ጣላችሁ? ተናገሩ።»

ያን ጊዜ ሦስቱም ምን እንዳደረጉ ገባቸው። አራጌ፣ ያ አፈኛ፣ ምላሱ ተሳሰረ። «ሽርሽር ነን» ቢል በሰውዬው ወግ መቀለድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጋሽ አባይ መጡ አልመጡ ዋጋ የለውም። ወደ በሩ አየ። ዋሲሁን ፊቱ ዐመድ መስሏል። አራጌ እንደምንም ገባበት።

«ልጅዎን... ለልጃችን ለዋሲሁን እንዲሰጡን ለመጠየቅ ነው አመጣጣችን።»

«ለልጃችሁ?» አሉ አቶ እሸቴ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላውን አራጌን ከላይ እስከ ታች እያዩ። «የናንተ አገር ሽማግሌ ጢም የለውም እንዴ?»

«ሙቀቱ ነው አባባ፣ አያበቅልም» አለ አራጌ።

እፀገነት ጀርባዋን አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ዋሲሁን አልለየም።

«እሺ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ይህ ዋሲሁን?»

«ወላሂ ጥሩ ሰው ነው» አለ ኢብሮ። «ብቻ ትንሽ ይፎክራል። ዘይት መቀየርም ይረሳል።»

«ደግ ነው» አለ ዮናስ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ። «ጋቢ ግን አይዝም።»

ዋሲሁን በሩ ጥግ ሆኖ በላብ ተጠመቀ፤ በዚያ ብርድ! ጓደኞቹን አንድ በአንድ ሊያንቃቸው በሆዱ ቃል ገባ። አቶ እሸቴ ድንገት ወደሱ ዞሩ።

«አንተስ ሹፌሩ? ስምህ ማነው?»

«እንዳለው።»

«እንዳለው። ሹፌርና ሹፌር መቼም ይተዋወቃል። እነዚህ ተልከው ነው የመጡት፣ ማሳመር ሥራቸው ነው። አንተ አልተላክህም። እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ያለኝ ይህች አንዲት ልጅ ናት። እናቷን ቀብሬያለሁ። ያ ሰው ልጄን ወስዶ ያስቀርብኛል ወይስ ያመጣልኛል?»

 አራጌ እንኳ አልቀለደም። ዋሲሁን የሚዋሽ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ይዋሽ ነበር፤ ውሸት ሁሉ ተዘጋጅቶ ምላሱ ላይ ቆሞለት ነበር። ግን የአቶ እሸቴን ዓይን አየና ተወው።

«አውቀዋለሁ» አለ። «ሜዳ የለመደ ሰው ነው። ዳገት ይፈራል። ዛሬ... ማለቴ፣ እዚህ ለመምጣት ቢነሳ አራት ጊዜ ይቆማል፣ ሞተሩ ሞቀ ብሎ ይዋሻል፣ ገደሉን ላለማየት አንገቱን ያጣምማል። ጎበዝ ነው ብዬ አልነግርዎትም። ግን ይመጣል አባባ። ክረምትም ቢሆን፣ ጉምም ቢሆን ይመጣል። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ አመሻሽቶም ቢሆን ያመጣልዎታል። ልጅዎ ናፍቃ ስታለቅስ ቁጭ ብሎ ማየት አይችልም። እኔ የማውቀው ይህን ነው።»

እፀገነት ውሃ ልትቀዳ የያዘችው ጆግ አዘንብሎ እግሯ ላይ ይፈሳል፤ አላወቀችውም።

አቶ እሸቴ ዞር ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ዋሲሁን «አለቀልኝ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው አዛውንቱ በርጩማ ይዘው ወጥተዋል። ጓደኞቹን አልፈው፣ ቀጥ ብለው በሩ ጥግ መጡና በርጩማውን እግሩ ሥር አኖሩት።

«ተቀመጥ፣ ዋሲሁን» አሉ።

ዋሲሁን በርጩማውን አየ፣ አቶ እሸቴን አየ።

«ከኋላ ሆኜ ስገፋ መስታወቱ ላይ ጽሑፍ አየሁ» አሉ አቶ እሸቴ። «ግማሹ በጭቃ ተሸፍኗል። የልጄ ስም ሆኖ አገኘሁትና አላስችል አለኝ፤ በጋቢዬ ጠረግኩት። የኪራይ ሹፌር የልጄን ስም ጽፎ አይዞርም።»

«እኔ... ይቅርታ አባባ፣ መምጣቴ ነውር እንደሆነ...»

«ነውርማ ነው! ደግሞም በፍልሰታ፣ ደግሞም ጢም የሌለው ሽማግሌ ይዘህ!» ተቆጡ፤ ግን ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቁ አምልጧቸዋል። «ደህናዎቹን ሽማግሌዎች ጾሙ ሲፈታ አምጣቸው። ቀስ ብለህ ንዳ። የወጉን መልስ ለነሱ እሰጣለሁ።»

«እኛስ አባባ?» አለ አራጌ፣ እግሩን እያቀያየረ። «እንቀመጥ?»

«እናንተ ቁሙ። ሽማግሌ ነን አላላችሁም? ሽማግሌ ይቆማል።»

እፀገነት ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ሳቋ ከእንባዋ ጋር ፈነዳ። ኢብሮ ዱላው ላይ ተደግፎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ዮናስ ባዶ እግሩን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ዋሲሁን ተቀመጠ። ስስ ሸሚዙን ያዩት አቶ እሸቴ ጋቢያቸውን አወለቁና ትከሻው ላይ ጣሉለት። ጫፉ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር።