የሜሪ ቅዳሜ

ዘነቡ ልጇን ልትወስድ መጥታ የጋሽ ሲራክን የግቢ በር ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ከውስጥ የልጇን ሳቅ ሰማች። እጇ እንደተነሳ ቀረ።

ሜሪ ቤት ውስጥ እንዲህ አትስቅም። ቤት ውስጥ ንግግሯ "እሺ"፣ "በልቻለሁ"፣ "ቻርጀሬን ማን ወሰደው" ነው። እዚህ ግን፣ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለው ከዚህ የቆርቆሮ በር ጀርባ፣ እስኪያማት ትስቃለች። ሳቁ ሲያበቃ ያ የጊታር ድምፅ ጀመረ። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ የሚሄድ፣ የሚያለቅስ የሚመስል፣ ግን የማያሳዝን ድምፅ።

"ድገሚው። ጉልበትሽን ረስተሽዋል" አሉ ጋሽ ሲራክ።

"ሰው እኮ አራት እጅና እግር ነው ያለው፤ ይሄ ነገር የተሠራው ለሸረሪት ነው" አለች ሜሪ፤ ደግማ ሳቀች።

ዘነቡን ደረቷ አካባቢ የሆነ ነገር ቆነጠጣት። ምን እንደሆነ አላጣችውም። እናት ግን በልጇ ትቀናለች ተብሎ ስለማይታሰብ ሌላ ስም ፈለገችለት። ስጋት አለችው።

ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ነገረቻት።

"ፈተናው ስንት ወር ቀረው?"

"አራት።"

"በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጊታሩ ይቁም።"

ሜሪ ቆመች። "በሳምንት አንድ ሰዓት እኮ ናት እማ።"

"በአንድ ሰዓት ስንት ገጽ ይነበባል? አምና ከሰፈራችን ስንቱ ነው የወደቀው? የቴዎ እናት እስካሁን አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው።"

"የቴዎን እናት ቀና ለማድረግ ነው የማጠናው?"

"አትመልሺልኝ።"

ዘነቡ ልጇ እንደ ትንሽ ልጅ ታለቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ሜሪ ግን ቀደመቻት እንጂ አላለቀሰችም። ዘነቡ ከኋላዋ እየሄደች የተናገረችውን በልቧ ደጋገመችው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያላት እናት ሁሉ የምትለው ነው። አንድም ስህተት አላገኘችበትም፤ እንቅልፍ ግን ነሳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ነፋስ ስልክ ካለው፣ ከምትሠራበት የደንብ ልብስ መስፊያ ድርጅት በቀጥታ ወደ ጋሽ ሲራክ ሄደች። ሰውየው ድሮ በሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር፤ አሁን ቤታቸው ሆነው የተበላሸ ቴፕና ድምፅ ማጉያ ይጠግናሉ። ሜሪ የምትማርበትን፣ ፔዳል ስቲል የሚባለውን ጊታር የገዙት እዚህ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ዕቃውን ሸጦ ሲሄድ ነው።

"ሜሪ አትመጣም ልልዎት ነው፤ ፈተና ደርሶባታል" አለች በሩ ላይ ቆማ።

"እኔም ጠርጥሬያለሁ። ግቢ፣ አትቁሚ።"

ዘነቡ መሣሪያውን ከቅርብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ጊታር አይመስልም። በአራት እግር የቆመ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ አሥር ክር ተወጥሯል። ከታች ለግራ እግር ሦስት መርገጫ፣ ለቀኝ እግር ድምፁን የሚያጎላና የሚቀንስ ሌላ መርገጫ አለው። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ በጉልበት የሚገፉ ዘንጎች ተንጠልጥለዋል።

"ይሄ ምንድነው?" አለች ወደ ዘንጎቹ እያመለከተች።

"የልጅሽ ጠላት ነው። በጉልበት ሲገፋ ክሩን ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋል። ሦስት ወር ታግላዋለች። እግሯ ሲሠራ ጉልበቷ ይተኛል፣ ጉልበቷ ሲነቃ እጇ ይጠፋል።"

"እኛ ጋ አለ" አለች ዘነቡ።

"ምኑ?"

"እንዲህ ያለ ዘንግ። የስፌት መኪናችን ሥር። በቀኝ እግሬ እየረገጥኩ በቀኝ ጉልበቴ ስገፋው ጨርቁን የሚጫነው ብረት ይነሳል። አሥራ ሁለት ዓመት ገፍቼዋለሁ።"

ጋሽ ሲራክ ተመለከቷትና ወንበሩን ሳብ አደረጉላት። "እስቲ ቁጭ በይ።"

"ኧረ እኔ ምን አውቄ።"

"ቁጭ ብትዪ አይነክስሽም።"

ተቀመጠች። ክሮቹ ላይ የሚንሸራተተውን አጭር ብረት በግራ እጇ አስያዟትና አሳረፉላት። በቀኝ አውራ ጣቷ አንዱን ክር ነካች፤ ቀኝ እግሯ በቀስታ ረገጠ፤ ቀኝ ጉልበቷ ማንም ሳያዘው ወደ ጎን ገፋ። ድምፁ ከክሩ ተነስቶ እንደ ሰው ትንፋሽ ከፍ አለና ቦታውን አግኝቶ ተቀመጠ።

"ድገሚው" አሉ ጋሽ ሲራክ።

ደገመችው። ሳቋ አመለጣት፤ በእጇ አፏን ልትሸፍን ስትል ብረቱን እንደያዘች ትዝ አላት። ፊደል የቆጠረችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ የታክሲ ታፔላና የክሊኒክ ወረቀት ማንበብ ስላለባት። በሲንጀር መስፋት የተማረችውም ለእንጀራ ነው። ለምንም ሳይሆን እንዲሁ የተማረችው ነገር ኖሯት አያውቅም። ለካ ሜሪ ሦስት ወር ሙሉ ይህን ደስታ ይዛ ነው ቤት ስትገባ ዝም የምትለው።

"ወገቤ ከአንድ ሰዓት በላይ አያስቀምጠኝም፤ ለዚህ ነው አንድ ተማሪ ብቻ የምይዘው" አሉ። "ሰዓቷ ባዶ ሆኗል። ከፈለግሽ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነይ።"

እምቢ ማለት ነበረባት። "እመጣለሁ" አለች።

ማታ ማታ የምትማረው የጎልማሶች ትምህርት ቅዳሜም ተጀምሯል ብላ ለሜሪ ነገረቻት።

"ጎበዝ እማዬ" አለች ሜሪ። ሰማያዊ እስክሪብቶዋንም ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት።

ዘነቡ እስክሪብቶውን ስትቀበል ፊቷ ጋለ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ሄደች፤ በቀጣዩም ሄደች። በሥራ ቦታዋ የስፌት መኪናው ቆሞ እንኳ ጉልበቷ መንቀሳቀሱን አልተወም።

"አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትወዛወዢው?" አለቻት አጠገቧ የምትሰፋው አረጋሽ። "ጌቱ ከጅቡቲ ሽቶ ላከልሽ እንዴ?"

"ጌቱ የሚልከው የቆሸሸ ልብሱን ነው" አለች ዘነቡ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

"ታዲያ ይሄ ፈገግታ ከየት መጣ?"

ዘነቡ ክር መሰካት ጀመረች። ለአረጋሽ እንኳ ልታካፍለው አልፈለገችም።

በአምስተኛው ቅዳሜ ጋሽ ሲራክ ያስጠኗትን አጭር ዜማ ሳትሳሳት እስከ መጨረሻው ተጫወተች። ቀና ስትል ሜሪ በሩ ላይ ቆማለች። ክሩን ለመምታት ጣት ላይ የሚጠለቁትን የብረት ጥፍሮች በእጇ ይዛለች፤ ቤት ቀርተውባት ልትመልስ ነው የመጣችው።

"የጎልማሶች ትምህርት ይሄ ነው?"

ጋሽ ሲራክ ሁለቱን ተራ በተራ አዩ። "ሻይ ልጣድ" ብለው ወገባቸውን ይዘው ወጡ።

"ሜሪዬ..."

"ጉልበቱን እንዴት አደረግሽው?" አለች ሜሪ። "እኔ ሦስት ወር ሙሉ አልሆነልኝም። አንቺ ግን በአንድ ወር... እኔን ከልክለሽኝ!"

ዘነቡ የልጇን ፊት አየች። ዓይኗ ክሮቹ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ተጣብቋል። ይህን ዓይነት ፊት ታውቀዋለች፤ የቆርቆሮው በር ጋ የቆመች ዕለት የያዘችው የራሷ ፊት ነው። ፈተናሽ ነው ያስጨነቀኝ ብትል ማንም አይፈርድባትም። ሜሪም ታምናት ይሆናል።

"የከለከልኩሽ ለፈተናው ብዬ አይደለም" አለች። "ቀንቼ ነው።"

"በማን?"

"ባንቺ። ስትስቂ ሰማሁሽ። ከኔ ጋር እንዲህ ስቀሽ አታውቂም። እኔም እንዲህ ስቄ አላውቅም።"

ሜሪ የብረት ጥፍሮቹን ከአንዱ መዳፏ ወደ ሌላው ገለበጠቻቸው።

"እና ፈተናውስ?" አለች በመጨረሻ።

"ታጠኛለሽ። በሳምንት አንድ ሰዓት የሚጥልሽ ከሆነ ድሮም አላጠናሽም።"

"እኔ ስለው ግን አትመልሺልኝ ነበር ያልሽኝ።"

"ብዬሻለሁ። ተሳስቻለሁ።"

ዘነቡ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ከሩብ ይላል። ሰውነቷ በልማዱ ሊነሳ ዳዳው። ምግብ ሲያንስ የራሷን ወደ ልጇ ሳህን እንደምትገለብጠው ሁሉ፣ ወንበሩንም ልትለቅ ግማሽ ከተነሳች በኋላ ቆም አለች። ተመልሳም ተቀመጠች።

"እስከ ዘጠኝ ተኩል የኔ ነው" አለች። "ከዚያ እስከ አሥር ያንቺ። ጉልበቱን አሳይሻለሁ። አሁን ያንን ዱካ ሳቢና ጠብቂ።"

ሜሪ አንዴ እሷን፣ አንዴ ዱካውን አየች። ዱካውን በእግሯ ስባ ተቀመጠችና እጆቿን አጣመረች።

"ሰዓት እቆጥርብሻለሁ" አለች።

"ቁጠሪ" አለች ዘነቡ፤ ብረቱንም ክሮቹ ላይ አሳረፈች።