በመጋዘን የተቆለፈ መርፌ

መምህርት ዓለምፀሐይ ስለዚያ መርፌ ርዕሰ መምህሩን ያልለመነችበት ቦታ የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አቶ አትናቴዎስን ቢሯቸው በር ላይ፣ ባንዲራ ሰልፍ ላይ፣ አንድ ቀንማ ሽንት ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ አስቁማ ለምናቸዋለች። "መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጥልኝ፤ ልጅቷ እኔ ክፍል ናት" ትላለች። የእሳቸውም መልስ አንድ ነው።

"ንብረት በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል ሃያ ሁለት ወጪ ይሆናል። ከዚያ ሌላ እኔ አላውቅም።"

ልጅቷ ሰሀር ናት፤ ከቆላ መጥቶ ከትምህርት ቤቱ በታች የጨርቅ ሱቅ የከፈተው የሪድዋን ልጅ። ተልባ አይስማማትም። አይስማማትም ሲባል ሆድ ቁርጠት እንዳይመስላችሁ፤ አምና አንድ ጉንጭ ቀምሳ ጉሮሮዋ አብጦ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሐኪሙ አለርጂዋ ሲነሳ በደቂቃዎች ውስጥ መወጋት አለባት ስላለ፣ አክስቷ ከጅዳ ሁለት መርፌዎች ላከች፤ ብዕር የሚመስሉ፣ ጭን ላይ ሲጫኗቸው ራሳቸው የሚወጉ። ሪድዋን እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ አመጣቸውና አጠቃቀሙን ለዓለምፀሐይ አሳያት። አቶ አትናቴዎስ ደግሞ "መርፌ፣ ብዛት ሁለት" ብለው አስመዝግበው ከጠመኔ፣ ከዶማና ከተቀደደ ኳስ ጋር መጋዘን አስቆለፉባቸው። ዓለምፀሐይ የዚያን ዕለት ቤቷ ገብታ በንዴት አለቀሰች።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ የሆነውን ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም። ሰሀርና ጓደኛዋ ይዘንጋሽ የአንዱን ቤት ሥጋ ሌላው እንደማይበላ ያውቃሉ፤ በሶ ግን የሁሉም ነው፤ ሁልጊዜ ይቋደሳሉ። የይዘንጋሽ እናት በሶውን በፍስክ ቀን በቅቤ፣ በጾም ቀን በዘይት ነበር የምታሸው። የዚያን ዓርብ ዘይት አለቀባትና በተልባ አሸችው። ልጆቹ ይህን ከየት ይወቁት?

"ቲቸር! ሰሀርን ሳሉ አልለቃት አለ!" ብላ ይዘንጋሽ እየሮጠች መጣች።

ዓለምፀሐይ ስትደርስ የልጅቷ ከንፈር አብጧል፤ አንገቷን ታክካለች፤ ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል። አቅፋት ወደ መጋዘኑ ሮጠች። ተቆልፏል። ንብረት ክፍሉ አስቻለው ወደ ቀየት ለቀብር ሄዷል፤ ቁልፉም ከእሱው ጋር ኪሱ ውስጥ ቀብር ሄዷል! ቢደወልለት ስልኩ አይሠራም።

አቶ አትናቴዎስ ጩኸቱን ሰምተው መጡና የሰሀርን ፊት አዩ።

"ይኼማ ምች ነው። ዳማከሴ አሽታችሁ አስሸትቷት።"

"ጋሼ፣ ምች አይደለም! እየሞተች ነው፤ ቁልፉ ይሰበር!"

"ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ሳይቆም እንዴት ይሰበራል? ነገ ዶማ ጠፋ ቢባል ማን ሊጠየቅ ነው?"

"እኔ ልጠየቅ!"

ልጅቷን ደረጃው ላይ አስተኝታ ከአጥሩ ድንጋይ ነቀለች። በሦስተኛው ምት ቁልፉ ረገፈ። መርፌዎቹን ከጠመኔ ካርቶን ኋላ አገኘቻቸው፤ አንዱን የልጅቷ ጭን ላይ ከነልብሷ ተጭና እስከ አሥር ቆጠረች። የዕድሜዋን ያህል የረዘመ ቆጠራ መሰላት። ጥቂት ቆይቶ ትንፋሿ ላላ፤ ሰሀር ዓይኗን ገልጣ "ውሃ" አለች። አቶ አትናቴዎስም ደንግጠዋል። ግን ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው ባጃጅ መጥቶ ልጅቷን ልታስገባ ስትል መንገድ ዘጉባት።

"አንዷን መልሺያት።"

"ምኗን?"

"መርፌዋን ነዋ። አንዷ ሠርታለች፤ ልጅቷም ይኸው ድናለች። ሌላዋ በቆጠራ ካልተገኘች ሁለታችንም አልቆልናል። ቁልፉን ችዬልሻለሁ፤ ይቺን እንኳ እሺ በይኝ።"

መልስ ነበራት። ግን ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ደግሞም ከሳቸው ጋር ስትጨቃጨቅ የከረመችበት ሦስት ሳምንት አድክሟታል። "እሺ" ብላ መርፌዋን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችና ገባች።

ዘመሮ ጤና ጣቢያ አርባ ደቂቃ ነው፤ መንገዱም ኮረት። ግማሽ መንገድ ላይ ሰሀር እንደገና ማሳል ጀመረች። ድምጿ ጎረነነ፤ ከንፈሯ ጠቆረ። የዓለምፀሐይ እጅ ሳታዝዘው ወደ ኪሷ ገባ። ኪሷ ባዶ ነው። አቶ አትናቴዎስን ከነሞዴላቸው፣ አስቻለውን ከነቀብሩ ረገመች፤ ርግማኑ ሲያልቅባት የቀረችው ራሷ ናት። ማንም አልነጠቃትም። "ንዳው! ንዳው በማርያም!" እያለች የሹፌሩን ትከሻ ትደበድባለች፤ ልጅቷን "አትተኚ፣ ሰሀርዬ አትተኚብኝ" ትላታለች።

ሲደርሱ ሰሀር መልስ መስጠት አቁማ ነበር። ነርሱ ፈሪድ ተቀብሎ ከጤና ጣቢያው መድኃኒት መርፌ ደገመላት፤ ኦክስጅን ሰካላት፤ ግሉኮስ አንጠለጠለላት። ዓለምፀሐይ አንድ ሰዓት ያህል ኮሪደሩ ላይ ቆመች። በመጨረሻ ፈሪድ ወጥቶ ላቡን ጠረገና "ተመልሳለች። አምስት ደቂቃ ብትዘገዩ ኖሮ አላውቅም" አላት።

ዕቃ ሊያመጣ ዘመሮ ወጥቶ የነበረው ሪድዋን ወሬውን ሰምቶ ነጠላ ጫማው አንዱ እግሩ ላይ ብቻ ቀርቶ ደረሰ። ልጁን አየ፤ ግንባሯን ሳመ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ወደ ቆመችው መምህርት መጣና ሁለት እጇን ያዘ። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል።

"ቁልፍ ሰብረሽ አተረፍሽልኝ አሉኝ። አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ። እኔ በምን እከፍልሻለሁ?"

ዝም ማለት ትችል ነበር። ፈሪድ ምንም አያውቅም፤ አቶ አትናቴዎስም አይናገሩም።

"አያመስግኑኝ ጋሽ ሪድዋን" አለች። "መንገድ ላይ ሲብስባት የምወጋት አልነበረኝም። ሁለተኛውን መርፌ መልሼው ነው የመጣሁት።"

"ለማን?"

"ለመጋዘን። መልሺ አሉኝ፤ መለስኩ።"

 ሪድዋን እጆቿን ለቀቀ።